ለልጄ፦ «ሰውየው ተንሳፍፏል» ስላሉህ ሰዎች

ሰላም ነህ የኔ ጌታ?

ይሄን በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን በስልክ ሲሆን ግማሹን ሳልጨርስ «እሺ እማ፣ ገባኝ» ትልና ወደ ሌላ ወሬ ትወስደኛለህ። በጽሑፍ ሲሆን አታቋርጠኝም።

በፎቶሾፕ (ምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ፎቶዎች አገጣጥመህ የሠራኸውን ምስል፣ ኢንተርኔት ላይ ከለጠፍክበት ከማጥፋትህ በፊት ልከህልኝ ስለነበር ስልኬ ላይ አለ። ደጋግሜ አየሁት። ከሐይቅ ውስጥ ተነስቶ ደመና ውስጥ የሚገባ የድንጋይ ደረጃ፣ መሐሉ ላይ ጃንጥላ የዘረጋ ሽማግሌ፣ ዙሪያውን በአየር ላይ የሚዋኙ ዓሦች። ሐሳቡ ከየት እንደመጣልህ እንጃ፣ ግሩም ነው። የእናት አድናቆት አይቆጠርም እንደምትል አውቃለሁ፣ ስለዚህ እሱን እንለፈውና ወደ ጉዳዩ እንግባ።

አንዱ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየው ደረጃው ላይ አልቆመም፣ ተንሳፍፏል» ብሎ ጻፈልህ። ሌላዋ ብርሃኑ አልገጠመም አለች። ሦስተኛው «ፎቶሾፕ መሆኑ ያስታውቃል» ብሎ ሳቀብህ። አንተ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ዓይን አየሃቸውና ሥራውን አነሳኸው። የሳቀብህን እርሳው። በአየር ላይ የሚዋኝ ዓሣ አይቶ ይሄ በአንድ ካሜራ የተነሳ ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ፎቶሾፕ መሆኑን ደርሶበት ምን አተረፈ? ሁለቱ ግን ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ ቀስረው «እዚህ ጋ» ብለውሃል። እንዲህ የሚልህ ሰው በቀላሉ አይገኝም፣ አብዛኛው ላይክ አድርጎ ነው የሚያልፈው።

እስቲ ፋይሉን ክፈተውና አብረን እንየው። የሰውየውን ፊት ተመልከት። የበራው በግራ በኩል ነው፣ የአፍንጫው ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። አሁን ደረጃውን እይ። የእርከኖቹ ጥላ ሁሉ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ በአንተ ዓለም ሁለት ፀሐይ ወጥቷል ማለት ነው። ሁለት ፀሐይ ያለው ዓለም መፍጠር መብትህ ነው፣ ማንም አይከለክልህም፣ ግን እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ጥላ ይኑረው። አንዱ ለሰውየው፣ አንዱ ለደረጃው ተብሎ ፀሐይ አይከፋፈልም።

ከዚያ ወደ ጫማው ውረድ። ከኋላው ሰፋ ያለ ለስላሳ ጥላ ሠርተሃል፣ አይቻለሁ። የቀረው ሌላ ነው። ጫማ ድንጋይ በሚነካበት ቦታ ብርሃን የማይገባበት ቀጭን፣ በጣም የጠቆረ መስመር አለ። አሁን ተነስና የራስህን ጫማ ወለሉ ላይ እየው። ያ መስመር ከሌለ የፈለገ ጥላ ብታበዛ እግሩ መሬት አይነካም። ያ ኮሜንት የጻፈልህ ልጅ «ተንሳፍፏል» ያለህ ይሄን አይቶ ነው። ምክንያቱን አልነገረህም፣ ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል፣ ዓይኑ ግን ልክ ነው።

ማስተካከሉ ደግሞ የሰዓታት ሥራ አይደለም። ከሰውየው ሌየር (ምስሎቹ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደሩበት ንብርብር) ሥር አዲስ ሌየር ክፈት፣ ብሌንድ ሞዱን፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ፣ መልቲፕላይ (የሚያጠቁረው) አድርገው፣ በትንሽ ብራሽ ጫማው ጠርዝ ላይ አጥቁር፣ ወደ ውጭ በወጣህ ቁጥር እያሰፋህና እያደበዘዝክ ሂድ። ቀለሙን ድፍን ጥቁር እንዳታደርገው። ከደረጃው ጥላ ላይ ናሙና ውሰድ፣ እዚያ ያለው ጥላ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ለብርሃኑ ደግሞ ሰውየውን ግራ ቀኝ ገልብጠው፣ በቃ። ጃንጥላውን በሌላኛው እጁ ይያዛ፣ ምን ቸገረው! የኮቱ ቁልፎች ወደ ሴት ኮት ይዞራሉ እርግጥ፣ ያን የሚያስተውል ሰው ከመጣ ግን ጓደኛ አድርገው፣ ዓይኑ ያስፈልግሃል።

ማንም ያላነሳውን ደግሞ እኔ ላንሳልህ። ሐይቁ የደረጃውን ምስል መልሶ ያሳያል፣ ዓሦቹን ግን ጭራሽ አላያቸውም። ስትጨምራቸው ገልብጠህ እንዳትለጥፋቸው። ከውኃ በላይ ያለ ነገር ውኃው ውስጥ ሲታይ ከሥር እንደታየ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ሆዳቸው መታየት አለበት። የሽማግሌው ሽበት ጠርዝ ላይ የቀረው ነጭ መስመር ከድሮው ፎቶ ይዞት የመጣው ሰማይ ነው፣ ማስኩን፣ ማለትም የሰውየውን ዙሪያ የሚሸፍነውን፣ በትንሽ ብራሽ አጽዳው። ሩቅ ያሉት ዓሦች ደግሞ ቅርብ ካሉት እኩል ጠቁረዋል። ሩቅ ያለ ነገር ጥቁሩ ይሳሳል፣ ቀለሙም ወደ ሰማዩ ይሄዳል። ይሄን ለማየት ከሁሉም ሌየር በላይ ምስሉን ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ ሌየር ጣልበት። ቀለም ዓይንን ያታልላል፣ እሱን ስታነሳው የትኛው ዓሣ ያለ ቦታው እንደገባ ወዲያው ይታይሃል። ስትጨርስ ሌየሩን ታጠፋዋለህ።

አሁን «እማ ይሄን ከየት አመጣሽው?» ትል ይሆናል። አንተ ሳትወለድ ፎቶ ቤት ስሠራ ፊልም የማጥበው እኔ ነበርኩ እኮ! ፊት የጠቆረበት ፎቶ ሲመጣ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ እያረፈ እጄን ወይም እንጨት ላይ የለጠፍኩትን ክብ ካርቶን ፊቱ ላይ እያንቀሳቀስኩ ብርሃን እከለክለው ነበር፣ በዚያ በኩል ነጣ ብሎ ይወጣል። ፎቶሾፕ ውስጥ ዶጅ የሚባለውን መሣሪያ ምልክት ልብ ብለህ እየው። ያ ካርቶን ነው። የማጥቆሪያው፣ «በርን» (burn) የሚባለው መሣሪያ ምልክት ደግሞ እጅ ነው። ፕሮግራሙን የጀመሩት ወንድማማቾች፣ ቶማስ እና ጆን ኖል፣ አባታቸው ቤታቸው ውስጥ ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ነበረው። በ1990 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግርህ) የመጀመሪያው ፎቶሾፕ ሲወጣ ሌየር የሚባል ነገር አልነበረውም፣ እሱ የመጣው በ1994 በሦስተኛው ስሪት ነው። ያለ ሌየር የሠሩትን ሰዎች ሳስብ ትዕግሥታቸው ይገርመኛል።

ከኮምፒውተር በፊት የነበሩትማ ሌላ ናቸው። ኦስካር ሬይላንደር የሚባል ፎቶ አንሺ በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቭ (ፎቶ የሚታተምበት፣ ብርሃንና ጨለማው የተገለበጠ ምስል) አገጣጥሞ አንድ ትልቅ ምስል ሠራ። ያኔም ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ማጭበርበር ነው፣ ነውርም ነው አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን አንዱን ቅጂ ገዛችው። ጄሪ ዩልስማን የሚባለው አሜሪካዊ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኔጋቲቭን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚያበራ ማጉያ ብዙ ደርድሮ፣ እያንዳንዱ ላይ የተለያየ ኔጋቲቭ ጭኖ፣ አንዱን ወረቀት ከማጉያ ወደ ማጉያ ያዞረው ነበር። የሱን ሥራዎች ፈልገህ እይ፣ አንተ የምትወደው ዓይነት ሕልም ነው። ስለዚህ «ይሄ ጥበብ አይደለም» የሚልህ ሲመጣ አትከራከር። ክርክሩ ካንተም ከሱም በዕድሜ ይበልጣል።

ግን አንድ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ጠበቅ እላለሁ። ተረት ስትሠራ ተረት መሆኑን ተናገር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ1982 የጊዛ ፒራሚዶችን በቁመት ሽፋኑ ላይ እንዲገቡለት ብሎ ሁለቱን አቀራርቦ አተመ፣ ወቀሳው እስከ ዛሬ ይነሳበታል። በ2015 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ላይ ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ወደነበረው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶው በምስል ማስተካከል ምክንያት ወደቁ። እነዚያ ዜና ነን ያሉ ፎቶዎች ናቸው፣ ያንተ አይደለም። ሆኖም ምስል ከጽሑፉ ተነጥሎ ነው የሚዞረው። ዓሦችህን ማንም እውነት አይላቸውም። ነገ ግን ጎርፍ ወይም እሳት ከሆነ ቦታ ጋር ብታቀናብርና አንዱ ወስዶ «ዛሬ የደረሰ አደጋ» ብሎ ቢለጥፈው ሰው ይደነግጣል። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ቅንብር መሆኑን ምስሉ ላይ ራሱ ጻፍበት። ጥግ ላይ አይደለም፣ ጥግ ይቆረጣል።

የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነገርም እንዲሁ ነው። ቦሪስ ኤልዳግሰን የሚባል ጀርመናዊ በ2023 በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ሽልማት በአንድ ዘርፍ አሸነፈና ምስሉ በኤአይ የተሠራ መሆኑን ተናግሮ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። እኔ ኤአይ አትንካ አልልህም። ዓሦቹን እሱ ሠርቶልህ ከሆነ ግን እንደዚያ በል። አለበለዚያ አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ የክንፋቸውን ጠርዝ እንዴት እንዳጸዳህ እየጠየቀችህ አንተ የማታውቀውን ልታስረዳት ነው።

ሽማግሌው ማን ነው? ይሄን ስጠይቅህ «ከኢንተርኔት» አልከኝ። ኢንተርኔት ፎቶ አያነሳም ልጄ፣ ያነሳው ሰው አለ። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለቤቱ ሌሎች ሥራውን እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ) ካለው ፊደሎቹን አንብብ። ቢዋይ የሚል ከሆነ ስሙን ጥቀስ ማለት ነው። ኤንሲ ለንግድ አይሆንም ነው። ኤንዲ ካለበት ግን ቀይረህ ማጋራት አትችልም፣ ላንተ ሥራ ደግሞ የሚያግድህ እሱ ነው፣ ምክንያቱም የምትሠራው ነገር ሁሉ መቀየር ነው። ሲሲ ዜሮ ከሆነ እንደልብህ። ስም መጥቀስ ባይጠየቅም ጥቀስ፣ ምን ይጎዳሃል?

አሁን ደግሞ ወደ አንተ ኮሜንት ልምጣ፣ ምክንያቱም ሌሎች ሥራ ላይ የጻፍከውንም አይቻለሁ። «እሳት ነው!» «ዋው ወንድሜ!» እዚህም «እሳት ነው!» የምርህን ከሆነ ደስ ይላል። ግን ያ ልጅ በረሃ ውስጥ የቆመ በር ሠርቶ፣ በሩ ዘንበል ብሎ ከአድማሱ ጋር ሳይገጥም «ምን ይጎድላል?» ብሎ ጠይቆ፣ አንተ አየኸው፣ እንዳየኸውም ለእኔ ነገርከኝ፣ እሱን ግን «እሳት ነው» አልከው። ከዚያ የሰው ኮሜንት ሲጎረብጥህ ታኮርፋለህ።

ስትጽፍ ቦታውን ጥቀስ። «ከበሩ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ መስመር ስበህ የት እንደሚገናኙ እይ፣ የአድማሱ ከፍታ ላይ መድረስ ነበረባቸው» ብትለው ዛሬውኑ ያስተካክለዋል። ጥሩውንም ቢሆን ለይተህ ንገረው፣ የአሸዋው ቀለም በሩ ሥር ያረፈበት ቦታ ያምር ነበር፣ ያን ብትነግረው ደግሞ ይሠራዋል። ዘጠኝ ስህተት ብታይ ዘጠኙንም አትዘርግፍ፣ ትልቁን ምረጥ። ጀማሪ ከሆነ በተለይ። የሰውን ምስል አውርደህ አስተካክለህ መልሰህ መለጠፍ ደግሞ ሳትጠይቅ አይሆንም። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱ እንደ ስድብ ያየዋል። አስተያየት ያልጠየቀ ሰው ካለም ተወው፣ የልደት ምስል የሠራች ልጅ ላይ የፐርስፔክቲቭ (መስመሮች ወደ ሩቅ ሲሄዱ እንዴት እንደሚገናኙ) ትምህርት ምን አመጣው?

ሥራህን ስታወጣም «እንዴት ነው?» አትበል። እንዴት ነው ለሚል ሰው «ቆንጆ ነው» ነው መልሱ። «የሰውየው ብርሃን ከደረጃው ጋር ገጥሟል? ዓሦቹ በዝተዋል?» ብለህ ጠይቅ። ቢቻል የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎችም ከጎን አስቀምጥ፣ ከምን ተነስተህ የት እንደደረስክ ሲያዩ የሚሰጡህ ምክር ይለያል። መልስ ሲመጣ በዚያች ደቂቃ አትመልስ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ጣቱን ከቀሰረ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ የሚሰጡህ መድኃኒት ግን ስህተት ሊሆን ይችላል። አንዷ ዓሦቹን አውጣቸው ብላህ የለ? እንዳታወጣቸው! ዓሦቹ የሥራው ነፍስ ናቸው። እሷን የረበሻት ሁሉም እኩል መጥቆራቸው ይመስለኛል። አመስግናትና ዓሦችህን ይዘህ ቀጥል።

ሌየሮቹ ያሉበትን ዋናውን ፋይል እንዳላጠፋኸው ተስፋ አደርጋለሁ። ጄፔጉ (ሌየር የሌለው፣ የተጨመቀው ፋይል) ብቻ ቀርቶህ ከሆነ ግን ከሱ ላይ እንዳትቀጥል፣ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል፣ ከዋናዎቹ ፎቶዎች እንደገና ጀምር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይፈጥንልሃል።

ስትጨርስ ላክልኝና አየዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ለእኔ አትላክ፣ ለእነዚያ ለሁለቱ አሳያቸው። እኔ ደግሞ ገና ስለ ጃንጥላው ያልነገርኩህ አለ። ጃንጥላው ሥር ያለው ፊቱ ለምን እንደዚያ በራ? ጨርቁ ጥላ አይጥልም እንዴ?

እናትህ