ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ማስነጠስዎ ነገር

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ስምዎን ሲያነሱ ይውላሉ። የዓይንዎ ሞራ ቀዶ ሕክምና በሰላም ማለቁን ስሰማ እፎይ አልኩ። ዓይንዎ እስኪያገግም ደብዳቤውን የምታነብልዎት እህቴ ናት። የምቆጣበት ቦታ ላይ ደርሳ ድምፅዋ ከፍ ቢል የኔን ቁጣ እያደረሰች ነውና እሷን አይቆጧት።

ባለፈው በስልክ «መጣ መጣ ይልና ይጠፋብኛል፤ ሰው መሀል ስሆን ደግሞ ያለ ቀጠሮ ይመጣል፤ ምን ይሻላል?» ብለውኝ ነበር። በስልክ ተናግሬ የምጨርሰው ስላልመሰለኝ በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። አልወጣ ያለውን ማስወጫም፣ የማይፈለገውን ማስታገሻም አለው። ቀድሜ ግን ያልጠየቁኝን ልናገር፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እርስዎ ሲያስነጥስዎት የሚያደርጉትን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አፍንጫዎን ግጥም አድርገው ይይዛሉ፤ ከንፈርዎን ይገጥማሉ፤ የአንገትዎ ሥር ይገተራል፤ ትከሻዎ አንዴ ዘለል ይላል፤ መነጽርዎ ወደ አፍንጫዎ ጫፍ ይንሸራተታል። ድምፅ የሚባል የለም። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዎን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሰው ፊት ማስነጠስ ነውር ስለሚመስልዎት እንደሆነ ይገባኛል። ዛሬ እንዲተዉልኝ የምለምንዎት ይህንኑ ነው።

ሲያስነጥስ ደረትና ሆድ በአንድ ላይ ተጨምቀው አየሩን በኃይል ወደ ውጭ ይገፉታል። መውጫው ሁለቱም ሲዘጋ ያ ኃይል የትም አይጠፋም። የአየር መተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት በብዙ እጥፍ ያድግና ወደ ጆሮ፣ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ደረት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የ34 ዓመት ጤነኛ ሰው ታሪክ አውጥቶ ነበር። ሰውየው አፍንጫውን ይዞ አፉንም ዘግቶ ማስነጠሱን ሲያፍን አንገቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈነዳ ተሰማው። ወዲያው አንገቱ አበጠ፣ መዋጥ አመመው፣ ድምፁ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ሐኪሞቹ አንገቱን ሲነኩት ከቆዳው ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር፤ የጉሮሮው ግድግዳ ተቀድዶ አየር ወደ ሥጋው ገብቶ ኖሯል። እስኪድንለት ድረስ በቱቦ እየተመገበ ሆስፒታል ተኛ። በ2023 ደግሞ ሌላ ሰው መኪና እየነዳ ሳለ በዚሁ ዘዴ የአየር ቧንቧው ተቀድዶ ተገኘ። ሁለቱም ድነዋል። እንዲህ ያለው በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ መሆኑን አልደብቅዎትም። ነገር ግን አንዳቸውም በእርስዎ ዕድሜ አይደሉም፤ አንዳቸውም ከዓይን ቀዶ ሕክምና የተነሱ አይደሉም።

ስለዚህ ዓይንዎ እስኪድን ድረስ፣ ማስነጠሱ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ይልቀቁት። አፍ ሲከፈት ግፊቱ ይበተናል። አፍንጫዎን አይያዙ፤ ዓይንዎንም በእጅ አይጫኑት፣ አይሹት። ስለ ነውሩ ካነሳን ነውሩ ድምፁ አይደለም፣ ፍንጣሪው ነው። ክንድዎን አጥፈው ፊትዎን ወደዚያ ቢያዞሩ ማንም አይቀየምዎትም። በማስነጠስ የሚወጣው ጤዛ መሰል ደመና እስከ 7 ወይም 8 ሜትር ድረስ ሊጓዝ እንደሚችል በፈጣን ካሜራ ያጠኑ ሰዎች አሳይተዋል፤ ክንዱ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ በፊት ግራና ቀኝ በሦስት በሦስት ቅርንጫፍ ይዘረጋል፤ አንደኛው ወደ ግንባርና ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭ፣ አፍንጫና ላይኛው ከንፈር፣ ሦስተኛው ወደ መንጋጋ። አቧራ ወይም ሽታ የአፍንጫን ውስጥ ሲኮረኩር መልእክቱ በዚህ ነርቭ ተሳፍሮ የአንጎል ግንድ ወደሚባለው የአንጎል የታችኛው ክፍል ይደርሳል። እዚያ መልእክቱ ሲጠራቀም ትእዛዝ ይወጣል። በመጀመሪያ ሳይወዱ አየር በረጅሙ ይስባሉ፤ ከዚያ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ከዚያ ይፈነዳል። እንግዲህ ማስታገስ የሚቻለው አየሩን ከመሳብዎ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ደረትዎ አንዴ ከሞላ በኋላ ማስቆም የሚባለው ነገር ማፈን ብቻ ነው፤ የውሃ ጎማን ጫፍ በጣት እንደ መድፈን ማለት ነው።

በዚያች አጭር ጊዜ ምን ይደረግ? አፍንጫዎ መኮርኮር ሲጀምር ሌባ ጣትዎን ከአፍንጫዎ ሥር፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አጋድመው ጫን አድርገው ይያዙ። ስሜቱ እስኪያልፍ አይልቀቁ። የሚጫኑት ከንፈሩን እንጂ ቀዳዳዎቹን አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ አየሩ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ይህ የሚሠራው ያው ነርቭ ሌላ ስሜት ስለሚቀበልና የመኮርኮሩ መልእክት ስለሚደበዝዝ ሳይሆን አይቀርም። ምላስን ከፊት ጥርስ ኋላ ላንቃ ላይ በኃይል መግፋትም ብዙ ሰው ይጠቅመኛል ይላል። እኔ ከንፈሩ ይሠራልኛል፣ ላንቃው ምንም አይለኝም። ሁለቱንም ይሞክሯቸውና የሚስማማዎትን ይያዙ። ካልሠሩም አፍ ከፍቶ መልቀቅ ነው እንጂ ወደ ድሮው ዘዴ መመለስ የለም።

አላቆም አለኝ ብለው ያማረሩት ደግሞ አሳቀኝ። እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1981 ማስነጠስ ጀምራ ያረፈችበት የመጀመሪያው ቀን የመጣው በ977ኛው ቀን ነው። እርስዎ ሦስቴ አስነጥሶዎት ነው እንዲህ የተማረሩት።

መጣ መጣ ብሎ የሚጠፋውን በተመለከተ፣ ሰው ብዙ ነገር ይሞክራል። ሶፍት ጠምዝዞ የአፍንጫን ውስጥ መነካካት ዋነኛው ነው፤ እርስዎ ግን ደም ማቅጠኛ ስለሚወስዱ ይህን ይተዉት፣ ትንሽ ጭረት ብዙ ያደማል። የአፍንጫ ፀጉር መንቀልም አይሆንም፤ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ቁንዶ በርበሬ ማሽተት ያስነጥሳል፣ ግን ዓይንንም ያስለቅሳል፣ ሳልም ይቀሰቅሳል። ላንቃን በምላስ ጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መዳሰስ ጉዳት የለውም፤ እሱን ይሞክሩ። ከቅንድብ አንዲት ፀጉር ሲነቀል የሚያስነጥሳቸው ሰዎችም አሉ፤ ቅንድቡ ያው የነርቩ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ክልል ስለሆነ ነው። ግን አሁን በዓይንዎ አካባቢ ምንም ነገር እንዲነካካ አልፈልግም። ሳይወጣ የቀረ ማስነጠስ ደግሞ የትም አይጠራቀምም፣ ሕመምም አይሆንም። ስሜቱ ደጋግሞ የሚመላለስ ከሆነ ጉዳዩ ምናልባት የአፍንጫ መድረቅ ነውና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ያረጥበዋል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን እንጂ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ አይሁን፤ እምብዛም ባያጋጥምም ባልፈላ ውሃ በኩል በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ ገዳይ ተሕዋስ አለ።

እርስዎ ዘንድ ያለው ሌላው ማስነጠሻ ብርሃን ነው። ከጨለማ ክፍል ወደ ፀሐይ ሲወጡ ደጃፍ ላይ ቆመው ሁለቴ ሦስቴ እንደሚያስነጥስዎት ያውቁታል። እኔም ልክ እንደዚያው ነኝ፤ የወረስኩት ከእርስዎ ነው። ከወላጆች አንዱ ይህ ጠባይ ካለው ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እህቴ አልደረሳትም፤ ይህን ስታነብ ደስ ይበላት። ከሰው መካከል ከ18 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ነው ይባላል። ነገሩ ገና በጥንት ዘመን የግሪክ ፈላስፎችን አስጨንቋል፤ በአሪስቶትል ስም በሚታወቁት ጥያቄዎች ውስጥ የፀሐይ ሙቀት ለምን ያስነጥሳል የሚል አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን ዓይንን ጨፍኖ ፊትን ወደ ፀሐይ ማዞር እንደማያስነጥስ አስተዋለ። ሙቀቱ ያው ነው፣ የቀረው ብርሃኑ ብቻ ነው፤ እንግዲህ የሚያስነጥሰው ሙቀቱ ሳይሆን ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ነው ማለት ነው። ዛሬ የሚታሰበው በዓይን የሚመጣው የብርሃን መልእክት አንጎል ውስጥ ከዚያ ከአፍንጫው ነርቭ ጋር እንደሚነካካ ነው።

ይህን ያበዛሁት ያለ ነገር አይደለም። ሞራው ይጋርደው የነበረው ብርሃን አሁን ወደ ዓይንዎ እንደልቡ ስለሚገባ፣ ፋሻው ሲነሳ የውጭው ብርሃን ቢበዛብዎትና ቢያስነጥስዎት አይደንግጡ። ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ ከቤት ሲወጡም ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆም ብለው መሬት መሬቱን ይዩ። ማስነጠስ አማረኝ ብለው ግን ፀሐይን አያዩ፤ ለማንም ዓይን አይበጅም፣ ለእርስዎማ ጨርሶ።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር። እህቴ ለአለርጂዋ የምትወስደውን ክኒን እንዳይካፈሉ። ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን የሚባሉት የድሮዎቹ ክኒኖች ወጣቱን ቢበዛ ያስተኙታል፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን ያደናግራሉ፣ ይጥላሉ፣ የፕሮስቴት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ሽንት ይዘጋሉ። የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታሉ የሚባሉት ጠብታዎችም ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰዱ መልሰው ይዘጉታል፤ በክኒን መልክ ያሉት የደም ግፊት ይጨምራሉ። ለእርስዎ የሚስማማ መኖሩን ሐኪምዎ ይንገሩዎት።

ጠዋት ሲነቁ ተደራርቦ የሚያስነጥስዎት ከሆነ አልጋውን ይጠርጥሩ። ትራስና አንሶላ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይራባሉ። በ60 ዲግሪ ውሃ በየሳምንቱ ማጠብ ይገድላቸዋል፤ ይህ የእህቴ ሥራ ነው፣ ይቅርታ እህቴ።

ቆመው ሳለ ከመጣብዎት ወገብዎን ይጠብቁ። አንድ እጅዎን ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ፤ ወገብዎን ሳያጣምሙ ይልቀቁት። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን በማስነጠስ ብቻ የአከርካሪ አጥንታቸው የተሰበረበት ጊዜ አለ።

አስነጥሶዎት ዓይንዎን ከወጋዎት፣ ከቀላ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ያን ዕለት ወደ ቀዶ ሐኪምዎ ይሂዱ። ከአፍንጫዎ ከአንድ ወገን ብቻ ደም የሚፈስዎት ከሆነም እንደዚሁ ይታዩት።

እህቴ ሆይ፣ አባባ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም ከየሳጥናቸው ላይ እያየሽ፣ መጠናቸውን ጭምር፣ ጽፈሽ ላኪልኝ። እሑድ ስደውል ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ተነጋግሬባቸው እጠብቃችኋለሁ። አባባ፣ ያን ጊዜ ከከንፈሩና ከላንቃው የትኛው እንደሠራልዎት ይነግሩኛል።

የሚወድዎትና የሚያከብርዎት ልጅዎ