ዕቃ ቤቱ ከሰኔ በፊት ክዳን ይፈልጋል፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የደብራችን ምእመናን፣ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የባሕር ዳር ልጆች፦

ባለፈው ነሐሴ ንዋያተ ቅድሳቱና ብራናዎቹ ይቀመጡበት የነበረው የጥንቱ ዕቃ ቤታችን ጣሪያ በሐይቁ በኩል መደርመሱንና 6 ሜትር ያህል ግድግዳ ይዞ መውረዱን ታውቃላችሁ። በመስከረም ያቀረብነው ጥሪ አጀማመሩ ጥሩ ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ግን ቀዘቀዘ። እስከ ዛሬ የገባው ገንዘብ ለጣሪያው እንጨት እንኳ አይበቃም። ደጅ መጥናቱ እኛንም ሰልችቶናል፤ ግን ዝም ካልን የቀረው ግድግዳ መጪውን ክረምት አይሻገርም።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልን። ገንዘብ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዕቃ ቤቱ ጥገና ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የሰበካ ጉባኤው ማኅተም ባረፈበትና በደብሩ ዋና በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ይገኛል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቁጥር ካያችሁ የእኛ አይደለም። ራቅ ያላችሁ ደግሞ ቤተሰብ ልካችሁ ማስታወቂያውን ፎቶ አስነሥታችሁ ተመልከቱ።

የሚያስቸኩለን ሣሩ ነው። የክዳን ሣር ክረምቱ ከወጣ በኋላ ደርቆ ሲጠነክር ይታጨዳል። አሁን ጥር ላይ የተከመረ አለ፤ ቆይተን ብንሄድ ግን ወይ ለከብት መኖ ተሽጧል ወይ ከብቱ ራሱ ገብቶበታል። የግጦሹ መሬት ወደ እርሻ ስለዞረ ረጅም ሣር እንደ ድሮው በቅርብ አይገኝም። ሣሩ በየካቲት ካልገባ የእንጨት ሥራው በመጋቢት ቢያልቅም የምናለብሰው ነገር አይኖረንም፤ ሰኔ ደግሞ ዝናብ ነው።

ጣሪያው ለምን ወደቀ በሚለው ላይ ብዙ ተወርቷል። ዝናቡ ነው የሚሉ አሉ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንብባታል፣ የሚበዛውም በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ዕቃ ቤቱ ደግሞ ይህን ዝናብ የኖረበት ነው። የተለወጠው ቤቱ ነው። ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ ሲለብስ ጠርዙ አጠረ። ድሮ ከግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይወርድ የነበረው ውኃ የግድግዳው እግር ላይ መውረድ ጀመረ፤ አሸንዳ አልተሠራለትም። ከዚያ ግርጌውን ከእርጥበት ለመከላከል ተብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ነገሩን ያባሰው ይኸው ሲሚንቶ ነው። ግድግዳችን ድንጋይና ጭቃ ነው። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ በፊቱ በኩል መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ፊቱን ሲዘጋበት ውኃው መውጫ አጥቶ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ጭቃው ይላላል፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። ከውጭ ለሚያየው ልስኑ ደህና ነው፤ በጣት ሲያንኳኩት ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ምስጥ እርጥቡን ጭቃ ተከትሎ እስከ ግድግዳው አናት ወጣና ወራጆቹ፣ ማለትም ጣሪያውን የተሸከሙት ተዳፋት እንጨቶች፣ የሚያርፉበትን የጥድ ጠርብ ከሥር በላው። ጠርቡ ሲከዳቸው ወራጆቹ ወደ ውጭ ተንሸራተቱ፣ ግድግዳውንም ገፍተው ጣሉት። በጊዜው ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን ያሠሩ አባቶች ይበጃል ያሉትን አድርገዋልና ወቀሳ የለንም።

“በብሎኬትና በአርማታ ቶሎ ሠርታችሁ ገላግሉን” የምትሉን ወንድሞች ግን ይህን አስቡበት። በጭቃ ግድግዳ አናት ላይ የአርማታ ቀበቶ ቢታሰር ክብደቱ ከሥር ያለውን ልል ግድግዳ ይጨፈልቀዋል፤ አርማታው አይተጣጠፍ፣ ጭቃው ይተጣጠፍ፣ ሁለቱ በተገናኙበት ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ሥራው በሕግም አያስኬድም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ዕቃ ቤቱ ክብ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር 8 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 70 ሳንቲ ሜትር። ጣሪያው እያንዳንዳቸው 7 ሜትር የሆኑ 42 ወራጆች አሉት፤ ከወደቁት ተለይተው 17ቱ ደህና ሆነው ተገኝተዋል፣ 25 ይጎድሉናል። ጥድና ዋንዛ ያለ ፈቃድ አይቆረጡም፤ ስለዚህ የምንጠቀመው በደብሩ ቅጥር ግቢ በነፋስ የወደቀውን ጥድ ነው፣ እሱን ለማስጠረብና ለማስደረቅ ብር እንፈልጋለን። ባሕር ዛፍ ለመወጣጫ አጣና እንጂ ለወራጅ አንገዛም፤ በእርጥብነቱ ከተሰቀለ ይጣመማል፣ ነቀዝም ቶሎ ይገባበታል። ወራጆቹ ላይ 22 ዙር ማገር ይዞርና በጠፍር ይታሰራል። ምስማር የለም፤ አሮጌ ጥድ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ዝጎ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ክዳኑ ወደ ሣር ይመለሳል። በዚህ ላይ በጥገና ኮሚቴያችን ውስጥ እንኳ ሁሉም አልተስማማም ነበር፤ ቆርቆሮ ርካሽ ነው፣ እሳትም አይፈራም። ነገር ግን ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ላብ ይቋጥርና ብራና ላይ ያንጠባጥባል፤ ቀን ደግሞ ውስጡን ያጋየዋል። ብራናን የሚጎዳው ይኸው መለዋወጡ ነው። የሣሩ ውፍረት ከ30 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፣ የጣሪያው ቁልቁለትም ከ45 ዲግሪ መላላት የለበትም፤ ከላላ ውኃው መሮጡን ትቶ ይሰርጋል፣ ሣሩም ከውስጥ ይበሰብሳል። ለዚህ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን 350 እስር ሣር ያስፈልጋል። እሳቱንም አልዘነጋነውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ጣሪያው አይወጣም፣ ጧፍ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ሁለት ባለ ዱቄት እሳት ማጥፊያም በሩ አጠገብ ይሰቀላል።

የወደቀው ድንጋይ በተራው ቁጥር ተጽፎበት ተከምሯል፤ የሚመለሰው ወደ ቦታው ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የቀረው ሲሚንቶ በእጅ መሮ ቀስ ተብሎ ይነሣል፣ ማሽን አይነካውም፤ ንዝረቱ ደህናውን ግድግዳ ያናጋል። የውጭው ፊት 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ በታጠበ አሸዋ ሁለት ጊዜ ይለሰናል። ይህ ልስን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ዱቄት ይሆናል፤ ለዚህ ነው ዝናብም የበረታ ፀሐይም ሳያገኘው መጠለያ የምንሠራለት። በመጨረሻ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር 30 ሜትር ዙሪያ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ቦይ ይቆፈራል፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ውኃውን ወደ ሐይቁ በኩል ያወጣል። ግርጌው ላይ ሲሚንቶ አይነጠፍም።

አሁን ስለ ወጣው ገንዘብ። “ብሩ በወረቀት አለቀ” የሚል ወሬ ሰምተናል። ከገባው የሚበዛው የወጣው ለሸራ፣ ለድጋፍ አጣና፣ ለኖራ፣ ለብራና መደርደሪያና ለልኬት ንድፍ ነው፤ ካርኒውና የወጪ ሰነዱ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት አለ፣ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ሸራውና አጣናው ባይኖሩ የቀረው ግድግዳ በመስከረም ይወድቅ ነበር። ንድፉን በተመለከተ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ምን እንደፈረሰ፣ በምን ልክ፣ በምን ዕቃ እንደሚጠገን በንድፍና በፎቶ ሳያይ አይፈርምም። ወረቀት ያላችሁት ይኸ ነው። ወረቀታችን አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወራት መቀመጡ አስቆጥቷችኋል፣ እኛንም አንገብግቦናል፤ ፈቃዱ ግን በታኅሣሥ መጨረሻ ወጥቷል። ከእንግዲህ የሚያግደን ብር ብቻ ነው።

“ኖራው ጉድጓድ ተጥሎ ተበላሸ” ለሚሉትም መልስ አለን። 6 ኩንታል ኖራ ከጥቅምት ጀምሮ በውኃ ተነክሮ፣ በላዩ ውኃ ቆሞበት ተቀምጧል። ኖራ በውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይሰባል፣ ማለት ይለሰልሳል። ሳይነከር የተለሰነ ኖራ ውስጥ ያልበረዱ እንክብሎች ይቀራሉ፤ እነዚህ ከወራት በኋላ እርጥበት ሲያገኙ ይፈነዱና ልስኑን ይበሱታል። ስለዚህ ጉድጓዱን አትክፈቱ፣ ልጆችም አይጠጉት፤ ዓይን ያጠፋል።

ንዋያተ ቅድሳቱም ሆነ ብራናዎቹ በደህና ቦታ ናቸው። መደርደሪያቸው ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከግድግዳው ርቋል። በቆርቆሮ ሣጥን ያልከተትናቸው ሣጥኑ እርጥበት ስለሚይዝ ነው፤ ፀሐይ ላይ ያላሰጣናቸው ብራና ስለሚኮማተርና ቀለሙ ስለሚረግፍ ነው። እያንዳንዱ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ተነሥቷል፣ መለያ ቁጥሩ በክር የታሰረ ካርድ ላይ ተጽፏል እንጂ ዕቃው ላይ አልተጻፈም። ያልተመዘገበ መስቀል ቢሰረቅና ገበያ ላይ ቢገኝ የእኛ ነው ብሎ ማስረዳት ጭንቅ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ለአንድ ዕቃ ቤት ብቻ አይደለም። በከተማችን ቅርስ ሲባል ሰው ጀልባ ተከራይቶ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ ያያል። መሀል ከተማ በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ በኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ በፔድሮ ፓኤዝ ስም የሚጠራውን የድንጋይ ሕንፃ አልፎት ይሄዳል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት አለ። ከጣሊያን የጦር ካሳ የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ፣ በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ማኅበረሰብ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ፣ እነዚህም የከተማዋ ታሪክ ናቸው። ዕድሜ ብቻውን መለኪያ መሆን የለበትም።

ሠፈሮች ይህን እንዲጀምሩ እንመክራለን። መንገድ በመንገድ እየሄዱ አሮጌውን ቤት፣ ዋርካውን፣ የድሮውን በር ይመዝግቡ፤ ፎቶው ከአራቱም አቅጣጫ ይሁን፣ ልኩና ባለቤቱ ይጻፍ፣ ሽማግሌ የሚያውቀው ታሪክ ከነተናጋሪው ይያዝ። ዝርዝሩ በቀበሌ ማኅተም ወደ ከተማው ባህልና ቱሪዝም ይሂድ። በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው ስለሚመደቡ የቱ ወደ ክልሉ፣ የቱ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን እንደሚሄድ እዚያ ይለያል። ትልቁ ነገር ግን ዝርዝሩ የግንባታ ፈቃድ በሚሰጠው ክፍል ካርታ ላይ መስፈሩ ነው። ባህል ቢሮ መዝገብ ውስጥ ብቻ ያለ ቅርስ ፈቃድ ሰጪው አያውቀውም፤ ካላወቀው አጠገቡ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ መሠረት ይቆፈራል፣ የጭቃ ግድግዳም ያንን አይችልም። ምልክት መትከሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቀላል ሥራ ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቁን ግዴታ የጣለው ባለይዞታው ላይ ነው፤ ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊደግፍ ይችላል። ለዚያም ደብዳቤ አስገብተናል፤ ደብዳቤ ግን ሣር አይገዛም። ለምእመናን ይህ የአሥራት የስለት ነገር ነው። የሌላ እምነት ጎረቤቶቻችን በነሐሴው ሌሊት ዝናብ ላይ ብራና ተሸክማችኋል፤ ውለታችሁን አንረሳም፣ ዛሬም የምንለምነው የሠፈራችንን ቤት ብለን ነው።

ብር የሌለው በዕቃ ይርዳን። የምንቀበለው ደረቅ የክዳን ሣር፣ የጤፍ ጭድ፣ የታጠበ አሸዋ 3 ሜትር ኩብ፣ ጠፍር፣ አጣናና ጆንያ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ አታምጡ፤ ባለፈው የመጣው እስካሁን መጋዘን ዘግቶብናል። መኪና ያለው ለሣሩ አንድ ጉዞ ቢሰጠን ትልቅ ነገር ነው። እጅ ያለው ቅዳሜ ጠዋት ለድንጋይ መለየት ይምጣ፣ የራሱን ጓንት ይያዝ።

ሒሳቡን እንደግመዋለን፦ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በዕቃ ቤቱ ጥገና ስም የተከፈተ፣ በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ በግለሰብ ስም ያልሆነ። ቁጥሩ ያለው በዋናው በር ማስታወቂያ ላይ ነው። ከቴሌብር ስትልኩ ወደዚያው የባንክ ቁጥር ላኩ፣ ወደ ማንም የግል ስልክ አትላኩ፤ የኮሚቴው አባል ነኝ ብሎ ቢደውልላችሁም አትላኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ “ዕቃ ቤት” ብላችሁ ጻፉ፣ ሳይጻፍ የገባው ከሌላ ገቢ ጋር ይቀላቀልብናል። በእጅ የምትሰጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው፤ ካርኒ ሳትቀበሉ አትውጡ። ለሣሩ የምትሰጡ እስከ የካቲት 15 አድርሱልን።