ክንድሽ ላይ ልታስነቅሺው ስላሰብሽው ልጅ

የኔ ቆንጆ እንዴት ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን፣ እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር አሁን ተሽሏታል። የላክሽውን ፎቶ አየሁት፣ ያ ጉንጩ ድብልብል ያለ ክንፋም ህፃን ቀስት ይዞ፣ እሱን ክንድሽ ላይ ታቱ ልታስደርጊው ነው አሉ። አያትሽም እኮ አንገቷ ላይ እስከ አገጯ ንቅሳት ነበራት፣ ስለዚህ ተይ የምልበት አፍ የለኝም፣ ግን እድሜ ልክሽን ተሸክመሽው የምትዞሪው ማን እንደሆነ እወቂው ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የምፅፍልሽ።

ኤሮስ ነው ስሙ፣ የግሪኮቹ የፍቅር አምላክ፣ ሮማውያን ኩፒድ ያሉት። ጥንት ግሪኮቹ ጋ ሲጀመር ህፃን አልነበረም። ሄሲዮድ የሚባለው ገጣሚ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት አካባቢ፣ የአማልክቱን ዘር ሲቆጥር መጀመሪያ ካኦስ የሚሉት ባዶ ክፍተት ነበረ፣ ከዛ ምድር፣ ከዛ ታርታሮስ የሚሉት ጥልቁ፣ ከዛ ኤሮስ ይላል። እናት የለው አባት የለው፣ የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ራሱ ገና አልተወለደም! ከማይሞቱት ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው ይልና ሳይውል ሳያድር ደግሞ የሰውንም የአምላክንም ጉልበት የሚያብረከርክ፣ ልባቸውንና ሃሳባቸውን የሚረታ ነው ይለዋል። የሌስቦስ ደሴቷ ገጣሚ ሳፎም ብትሆን ተራራ ላይ ዛፉን እንደሚንጥ ነፋስ ልቤን ናጠው ነው ያለችው። ይሄ ከረሜላ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው እንዴ?

የውበቷ አምላክ የአፍሮዳይት ልጅ ያደረጉት በኋላ ነው፣ አባቱንም ብዙ ጊዜ የጦርነቱን አምላክ አሬስን ያደርጉታል፣ እና ዘመን በገፋ ቁጥር እሱ እያነሰ እያነሰ ሄደ (ከኛ በተቃራኒው ማለት ነው)። ህፃን ሆኖም ግን አመሉ አልተሻሻለም። አፖሎኒዮስ የሮዱሱ ጄሰን የሚባለው ጀግና ስለተጓዘባት አርጎ መርከብ በፃፈው ግጥም ላይ ይሄ ልጅ የዜውስ አሳላፊ ከሆነው ከጋኒሜድ ጋር ቁማር ቢጤ እየተጫወተ ሙልጭ አድርጎ በልቶት ነው እናቱ የምታገኘው፣ አጭበርብረኸው ነው አይደል ትለዋለች፣ ከዛ ጄሰንን እንድትወደው ሜዲያ የምትባለውን የንጉሥ ልጅ ውጋልኝ ስትል ጉቦ የምትሰጠው ዜውስ ልጅ እያለ ይጫወትበት የነበረ ኳስ ነው። ኳስ! ለአንድ ኳስ ብሎ ልጅቷን ወጋት፣ እሷ አባቷን ከዳች፣ አገሯን ጥላ ከጄሰን ጋር ወጣች፣ መጨረሻዋ እንዴት እንደሆነ አንቺም ሰምተሻል። ኦቪድ የሚባለው ሮማዊ ደግሞ ፍላጻው ሁለት አይነት ነው ይላል፣ ወርቁ ያስፈቅራል እርሳሱ ያሸሻል፣ አምላኩን አፖሎን በወርቁ ዳፍኔ የምትባለውን ልጃገረድ በእርሳሱ ወጋቸውና አንዱ ሲያባርር አንዷ ስትሸሽ ዛፍ ሆና ቀረች።

እኔ የምወደው ግን የፕላቶን ነው። ሶቅራጥስ ግብዣ ላይ ተቀምጦ ዲዮቲማ ከምትባል ሴት የሰማሁት ነው ብሎ ሲያወራ፣ አፍሮዳይት የተወለደች ቀን አማልክቱ ድግስ ደግሰው ድህነት ልትለምን በር ላይ ቆማለች፣ መላ የሚባለው ደግሞ ጠጥቶ ሰክሮ የዜውስ አትክልት ቦታ ውስጥ ተኝቷል፣ እሷ ሄዳ አጠገቡ ተኛችና ኤሮስ ተፀነሰ። ሰው እንደሚያስበው ለስላሳና ቆንጆ አይደለም ትላለች፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ቤት የለውም፣ ሰው ደጃፍ ላይና መንገድ ላይ ነው የሚያድረው፣ በእናቱ ወጥቶ ሁሌ የጎደለው፣ በአባቱ ወጥቶ ደግሞ መላ የማያጣ፣ ያገኘውም ከእጁ ፈስሶ ያልቅበታል። እኔና እናትሽ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን የጀመርን ሰዎች ስለሆንን ነው መሰለኝ ይሄኛው ዘመዴ ይመስለኛል፣ ክንድሽ ላይ ይሄ ቢሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር።

አንድ ደግሞ ልጨምርልሽ፣ ወንድም አለው፣ አንቴሮስ ይባላል፣ ፍቅርን በፍቅር የሚመልሰው እሱ ነው። አንድ የጥንት ተረት ላይ ኤሮስ አላድግ ብሎ እናቱ ብትጨነቅ ብቻውን ስለሆነ ነው ወንድም ውለጂለት ይሏታል፣ አንቴሮስ ሲወለድ ወዲያው ማደግ ጀመረ፣ ወንድሙ ዞር ሲልበት ተመልሶ ያንሳል። እና አንቺ እዛው ለንደን ፒካዲሊ ሰርከስ በ1893 የቆመው የአሉሚኒየም ሐውልት፣ ሁላችሁም ኤሮስ ጋ እንገናኝ የምትሉት፣ ቀራፂው አልፍሬድ ጊልበርት የሠራው አንቴሮስን ብሎ ነው። ለሻፍትስበሪ መታሰቢያ ነዋ፣ ህፃናት ፋብሪካና ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ ሲታገል ለኖረው ሰውዬ። አንዳንዶች ደግሞ ራቁቱን ስለሆነ አፍረው የክርስቲያን በጎ አድራጎት መልአክ ብለውታል፣ ይሄን ለእናትሽ ስነግራት በጣም ነው የሳቀችው።

በይ ደህና ሁኚ፣ ብርድ ልብስ ደርቢ። ለመሆኑ ያ ልጅ ማነው? እናትሽ ጠይቅልኝ ብላ ነው እንጂ እኔስ አልጠይቅም።

አባትሽ