ኤጀንቱ አይጠይቅም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ «ኤአይ መሐንዲሶችን ሥራ ያሳጣል ወይ» በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ሳሪስ ባለች ጠባብ ቢሮዬ የሰርኪዩት ቦርድ ዲዛይን እሠራለሁ። ኤጀንት የሚሉትን ነገር፣ ማለትም የተሰጠውን ሥራ በመሣሪያዎች እየተጠቀመ ራሱ የሚያከናውን ኤአይ፣ መጠቀም ከጀመርኩም ወራት አልፈዋል። እስካሁን ሥራዬን አልወሰደብኝም። አምስት ቦርድ ግን አስጥሎኛል። ጥፋቱ ደግሞ የእኔው ነው።

ቦርዱ መብራት ሲዋዥቅ ፍሪጅ እንዳይቃጠል የሚያደርግ መከላከያ ነው። በአንድ በኩል 220 ቮልት አለ። በሌላ በኩል በ3.3 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ቺፕ አለ። በሁለቱ ወገን የመዳብ መስመሮች መካከል 6 ሚሊሜትር ክፍተት እንዲኖር ፈልጌ ነበር።

የምሠራው በኪካድ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ግሬኖብል የተጀመረ፣ የቦርድ ዲዛይን የሚሠራበት ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ በኋላ የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርንም አግዞታል። እንደኛ ላለ ትንሽ ቢሮ የፈቃድ ክፍያ የለውም፣ ተመስገን ነው። ታዲያ ኪካድ የቦርዱን ልክ በውስጡ የሚቆጥረው በናኖሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ማለት አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ኤጀንቱ እንዲጠቀምባቸው በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ትንንሽ መሣሪያዎች ስጽፍለት ግን ክፍተት ለሚወስነው መሣሪያ የሰጠሁት መግለጫ ይቺን ብቻ ነበር፦ «በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ይወስናል።»

ኤጀንቱ ኮዱን አያይም። የሚያየው የመሣሪያውን ስምና ይህንኑ መግለጫ ነው። 6 ብሎ ላከ። መሣሪያው 6 ናኖሜትር ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ዲአርሲ፣ ማለትም የዲዛይን ሕግ ፍተሻው፣ ተካሄደ። ስህተት ዜሮ! ስድስት ናኖሜትርን የሚጥስ መስመር ከየት ይመጣል? እኔም ሪፖርቱን አምኜ ቦርዱን አዘዝኩ። ማፈሬን አልደብቅም።

ቦርዶቹ ሲመጡ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። የ220ው መስመር ከቺፑ መስመር ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ሳይርቅ ያልፋል። ጭራሽ አልሰካሁትም።

ቢሮዬ ውስጥ አንዲት የልምምድ ተማሪ አለች። የመጀመሪያ ቀኗ «ጋሼ፣ ልኩ በሚሊሜትር ነው በሚል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው፣ 0.0254 ሚሊሜትር። «አሁን ይሄ ይጠየቃል?» አልኳት። ይጠየቃል ለካ! ኤጀንቱ እንደ እሷ አልጠየቀም። ገመተና ቀጠለ።

አሁን መሣሪያው በስሙ ውስጥ «ሚሊሜትር» የሚል ቃል አለበት። መግለጫውም ተቀይሯል። «ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው። ለ220 ቮልት ወገን 6.0 ስጥ። ከ0.1 በታች ከሰጠህ አልቀበልም፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ» ይላል። ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን መቼ መነካት እንደሌለበትም ጽፌያለሁ። ይቺን ለመጻፍ ከኮዱ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል ብል ማን ያምነኛል?

ሌላም ጉድ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኪካድ 8 ወዲህ ዲአርሲን መስኮት ሳይከፍቱ፣ በጽሑፍ ትዕዛዝ ብቻ ማስኬድ ይቻላል። ቦርዱ በስህተት ቢሞላም፣ ፍተሻው ራሱ ሳይሰናከል ካለቀ የሚመልሰው ቁጥር 0 ነው። በፕሮግራም ዓለም 0 ማለት «ሰላም ነው» ማለት ነው። ስህተት ሲኖር 5 እንዲመልስ ከፈለጋችሁ ለይታችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ሰው ሪፖርቱን ከፍቶ ያነባል። ኤጀንት ግን 0 ካየ «ጨርሻለሁ» ሊላችሁ ይችላል። ይህንንም በመግለጫው አስገባሁ። በቦርዱ ላይ የከፍታና የዝቅታ ቦታን የሚያሳየው የዋይ (Y) ቁጥር ወደ ታች ሲወርዱ እንደሚጨምርም ጻፍኩ። «ወደ ላይ አንሳው» ያልኩት ካፓሲተር የሚባል የቦርድ ዕቃ በተደጋጋሚ ቁልቁል ሲሄድብኝ ነበርና።

አዘጋጆች ሆይ፣ በጽሑፋችሁ ያጣሁት ይህን ነው። ለኤጀንቱ የሚሆነውን መመሪያ ማን ይጽፋል? ለሰው የተዘጋጀው «ይህን በተን ተጫን» የሚል፣ ፎቶ የበዛበት ማኑዋል ለእሱ ብዙም አይረባውም።

አንድ ነገር ልለምንና ላብቃ። መግለጫዎቹን ተማሪዋም እንድታነባቸው በአማርኛ ነው የምጽፋቸው። «የመስመሩ ስፋት» ስል ኤጀንቱ አንዴ የመዳቡን ወርድ፣ አንዴ ደግሞ የሸፈነውን ቦታ ይይዛል። እውነቱን ነው፤ ስፋት ለሁለቱም ይሆናል። ለጊዜው «ወርድ» እያልኩ ነው። ተማሪዋ ግን «ጋሼ፣ ይሄማ የጋቢ ነው» ትለኛለች። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል የተሻለ ቃል ያለው ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ቢያደርሰኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ