በጂም የሚወጋው «ቫይታሚን» ሆርሞን ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሐዋሳ ወጣቶች ሥራ ሲፈቱ ጫት ላይ ከሚውሉ ብረት ሲያነሱ ቢውሉ የምመርጥ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ሆኖም ሰውነትን ቶሎ ያፈረጥማል እየተባለ በየጂም ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው መርፌና ክኒን ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በቅርቡ አንድ ወጣት ለጡት እብጠት የሚሆን ቅባት ሊገዛ ባንኮኒያችን ላይ ቆመ። ምን እንደሚወስድ ስጠይቀው «ቫይታሚን ብቻ ነው» አለኝ፤ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ግን ከቦርሳው ባዶ ብልቃጥ አውጥቶ አሳየኝ። በዘይት የተሟሟ ቴስቶስትሮን ነበር። አሠልጣኙ እንደሚወጋው፣ ያዘዘለት ሐኪም እንደሌለም ነገረኝ።

ቴስቶስትሮን ስቴሮይድ ከሚባሉት ወገን የሆነ የወንድ ሆርሞን ሲሆን ሰውነቱ በበቂ ለማያመነጭ ሕመምተኛ በሐኪም ክትትል ይታዘዛል። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጉት ግን ለሕክምና ከሚታዘዘው 10 እጥፍና ከዚያም በላይ የሚወስዱበት ጊዜ አለ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲትረፈረፍ አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያቆም የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ የዘር ሕዋሱም ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ከትርፉ ከፊሉ ወደ ሴት ሆርሞን ስለሚለወጥ የወንዱ ጡት ያብጣል፤ እብጠቱ ከቆየና ከጠጠረ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በቀር መፍትሔ የለውም። ቅባት የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ይህ ቢያንስ የሚታይ ነው። የማይታየው ልብ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ጠቃሚው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ጎጂው ይጨምራል፣ ደም ይወፍራል፣ ግፊት ይነሳል፣ የግራው የልብ ክፍል ጡንቻም ይደነድናል፤ በዚህም ምክንያት በለጋ ዕድሜያቸው በልብ ድካምና በስትሮክ የተጠቁ አሉ። እንደ ስታኖዞሎል ያሉት፣ ቴስቶስትሮንን አስመስለው የተሠሩ ክኒኖች በተለይ ጉበትን ይጎዳሉ፤ ዕድገቱን ያልጨረሰ ታዳጊ የወሰደ እንደሆነ አጥንቱ ያለጊዜው ማደጉን ያቆማል፤ በሴቶች ላይ የጎረነነ ድምፅ ተመልሶ ላይቀጥን ይችላል። መርፌ መጋራት ያለበት ቤት ከሆነ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪም አብረው ይመጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ማቋረጡ ነው። መርፌው ሲቀር የራስ ሆርሞን ወዲያው አይመለስም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። በዚህ መሐል ወጣቱ ጉልበቱና ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ድባቴ ይጫነዋል፣ ያደገው ጡንቻም ይቀንሳል፤ የሚያማክረው ሰው ስለሌለ ወደ መርፌው ይመለሳል።

እግረ መንገዴን፣ ለአስም ወይም ለቁርጥማት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ስሙ ስቴሮይድ ቢሆንም ጡንቻ ለማሳደግ ከሚወጋው ጋር አንድ አይደለም፤ የታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ በድንገት እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ።

በ1988 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኦሊምፒክ ካናዳዊው ሯጭ ቤን ጆንሰን የ100 ሜትር ወርቁን የተነጠቀው በምርመራ ስታኖዞሎል ስለተገኘበት ነው። ለውድድር የማይቀርበውን የሰፈር ወጣት ግን የሚመረምረው የለም። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ለጂም ቤቶች ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ በቅጥር ግቢያቸው መድኃኒት እንዳይሸጥና እንዳይወጋ ግዴታ ያስገባቸው፤ እኛም የሙያው ባልደረቦች ያለ ማዘዣ አንስጥ። መርፌውን የጀመራችሁ ወጣቶች ደግሞ ሳታፍሩ ወደ ሐኪም ሄዳችሁ የምትወስዱትን በስሙ ንገሩ፤ ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ። ግፊታችሁ፣ ጉበታችሁ፣ የደም ቅባታችሁና የሆርሞን መጠናችሁ ይታይ፤ አቋርጡ ስትባሉም ከሐኪሙ ክትትል ሳትወጡ ይሁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ
ሐዋሳ