የሳይንስ ክበብ፦ ሽቦ ስናጥፍ የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ዕቅዳችን የፀሐይ ምድጃ መሥራት ነበር። መስታወቱ ግን እስከ ኅዳር አልተገኘም። አንድ ሐሙስ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ አያቴ ፔስሜከር ተገጠመላቸው። ሽቦው እንዳይነቀል ለጊዜው ክንድዎን ወደ ላይ አያንሱ ተባሉ። ሽቦ ልብ ውስጥ እንዴት ይቆማል?» አለችኝ። ፔስሜከር ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ፣ በሽቦ ወደ ልብ ኤሌክትሪክ እየላከ ምቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። ምድጃው በዚያው ቀረ።

ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራን። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በቀን 100,800 ይሆናል፤ በዓመት ከ36 ሚሊዮን ያልፋል። ሽቦው በየምቱ ይታጠፋል። እኛም ከአሮጌ የመብራት ገመድ መዳብ ልጠን ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ያዝን። 9ኛ ክፍሎቹ እየጮኹ ይቆጥራሉ። ሃያ ሳይሞላ ቀጭ! ያንኑ መዳብ እርሳስ ላይ ጠምጥመን ሞላ ስናስመስለው ግን ደወል እስኪደወል ብናወዛውዘውም አልተበጠሰም። «የድሮ ስልክ ገመድ!» አለ አንዱ። ልክ ነው። እጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፤ ጥቅልሉ ሁሉ ይካፈለዋል።

እውነተኛው የፔስሜከር ሽቦም እንዲሁ የተጠመጠመ ነው፤ መዳብ ግን አይደለም። የኒኬል፣ የኮባልት፣ የክሮሚየምና የሞሊብዲነም ቅይጥ ነው፤ የሰውነት ጨዋማ ፈሳሽ በቀላሉ አይበላውም። ልባሱ ሲሊኮን የሚባል ጎማ ወይም ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል። ፖሊዩሪቴን ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን ሆኖ ይሠራል፤ የቀድሞዎቹ ግን ሰውነት ውስጥ ተሰነጣጥቀው አስቸግረዋል። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ያለው ጫፉ ላይ ነው። አንዳንዱ ልብ ውስጥ ባሉት የጡንቻ ክሮች መሐል የሚሰካ የጎማ ጥፍር አለው፤ ሌላው እንደ ቡሽ መክፈቻ እየዞረ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ቁስሉ እንዳያብጥ ጫፉ ላይ ቀስ እያለ የሚለቀቅ መድኃኒት አለ።

ሰውነት ውስጥ የተቀበረው የመጀመሪያው ፔስሜከር በ1958 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ለአርነ ላርሶን ተገጠመ። በሰዓታት ውስጥ ሥራ አቆመ። ሰውዬው ግን ከ20 በላይ መሣሪያ ቀያይረው እስከ 2001 ኖሩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ።

በሰኔው ዐውደ ርዕይ የልጅቷ አያት መጡ። ጥቅልሉን አንስተው ሳብ ለቀቅ አደረጉት። «ይሄ ነው እንዴ ደረቴ ውስጥ ያለው?»

«የእርስዎ ከነልባሱ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ካልተበጠሰ አሁን እጄን ላንሳ?» ብለው ወደኔ ዞሩ።

«እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ እማማ። ይሄንን ሐኪምዎን ይጠይቁ» አልኳቸው።