ደረጃው ስንት ነው? ለካርናታካ ግዛት ቱሪዝም መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለካርናታካ ግዛት ቱሪዝም መምሪያ
ቤንጋሉሩ፣ ህንድ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ቅጂ በኢሜይል ልኬላችኋለሁ። እዚህ በአማርኛ የማወጣው ነገ ከነገ ወዲያ የታመመ ዘመዱን ይዞ ወደ ከተማችሁ የሚመጣ ያገሬ ሰው እንዲያነበው ነው። ብዙ እንደሆንን ታውቃላችሁ።

እኔ አስታማሚ ነበርኩ። እናቴ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቤንጋሉሩ ሰባት ሳምንት ተቀመጥን። ሕክምናው እንከን አልነበረውም። የከበደን መጠበቁ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ፣ በቀረው ቀን የጣሪያው ማራገቢያ ሲሽከረከር ማየት። ጎረቤት ክፍል ውስጥ ያሉትም ሐበሾች ስለነበሩ ቡና እያፈላን ተጽናናን። በአምስተኛው ሳምንት ላይ እናቴ "ልጄ፣ ከዚህ ጡሩምባ አውጣኝና እስቲ ዛፍ ልይ" አለችኝ።

ኢንተርኔት ገብቼ ዛፍ ፈለግሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚኬድበት ቦታ መአት ነው። ናንዲ ኮረብታ፣ ስካንዳጊሪ፣ ሳቫንዱርጋ፣ ራማናጋራ። ምክሩ ግን ሁሉም አንድ ነው፦ ሌሊት 9 ሰዓት ሞተርህን አስነሣ፣ ፀሐይ ስትወጣ አናቱ ላይ ተገኝ። ሞተር የለኝም። ቢኖረኝስ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ከነምርኩዟ ከኋላ ላፈናጥጥ ነው? ሳቫንዱርጋ ደግሞ ግዙፍ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። የሚወጡት ወጣቶች ራሳቸው አንዳንዱ ቦታ ላይ በእጃቸው ይድሃሉ።

መጀመሪያ የሄድነው ራሞሃሊ ወዳለው ትልቅ ዛፍ ነው፣ እናንተ ዶዳ አላዳ ማራ ወደምትሉት። በማይሱሩ መንገድ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሄድነው በባጃጅ ነው፤ እናንተ ኦቶ ነው የምትሉት፣ እኛ ግን ያገራችሁን ፋብሪካ ስም ይዘን ቀረን። ዛፉ ከ1 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፣ ዕድሜውም 400 ዓመት ገደማ ነው ይባላል። ዋናው ግንድ በበሽታ ከሞተ ቆይቷል። ከቅርንጫፎቹ ወርደው መሬት የያዙት ሥሮች ናቸው አሁን ግንድ ሆነው የቆሙት። እናቴ ትንሽ ገባ ብላ አንዱን ሥር በመዳፏ መታ መታ አደረገችና "ዋርካ ነው እኮ!" አለች። አልተሳሳተችም። ከኛ ዋርካና ሾላ ጋር አንድ ወገን ነው። ከዚያ እንደ አገሯ ልማድ ጥላው ሥር ቁጭ አለች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነሣችም። ያን ያህል ጊዜ ስለ ጉልበቷ ሳታወራ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዟችን ተበላሸ። የቦታውን ስም አልጠራም። በሩ ላይ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም አሉን። በስልክ ክፈሉ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው ደግሞ በህንድ ስልክ። ገንዘቡን በእጄ ይዤ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። በመጨረሻ ከኋላችን የቆመ ተማሪ በራሱ ስልክ ከፍሎልን ጥሬውን ተቀበለኝ። ዘበኛው ከኔ በላይ አፍሮ ነበር።

ናንዲ ለመሄድ መኪና ተከራየን። ኪራዩ የአራት ቀን ምሳችንን በላው። ግን ተገቢ ነበር፤ አስፋልቱ እስከ ላይ ስለሚደርስ ምርኩዝ የያዘ ሰውም ይወጣል። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረስን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። የከተማው ሰው ሹራብ ደርቦ ጆሮውን ጠቅልሏል። እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፣ 2,840 ሜትር ላይ ነው ያደገችው። የናንዲ አናት 1,478 ሜትር ነው። ነጠላዋን አውልቃ ለኔ አስያዘችኝና "ይሄም ብርድ ሆኖ ነው?" አለች። በቆሎ እሸት ሲጠበስ አይታ ደስ አላት፣ ሻጩ ሎሚ በጨውና በበርበሬ ነክሮ ሲያሽበት ግን "ኧረ ምን እያደረገ ነው!" ብላ ጮኸች። በኋላ ሁለት በላች። ሦስተኛውን ጦጣ ነጠቃት።

ከዚያ ደረጃው ጋ ደረስን። ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። አንዱ ሃያ አለኝ፣ ሌላው መቶ። ከላይ የሚያርፉበት ወንበር ይኑር አይኑር አልታወቀም። አልሞከርንም፣ ተመለስን።

እንግዲህ ልመናዬ እዚህ ላይ ነው። ናንዲ በቅዳሜና እሑድ መኪና የሚጨናነቅበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ከከባድ ዝናብ በኋላ የመሬት መንሸራተት መንገዱን ሰብሮት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ያ መንገድ ተጨማሪ መኪና አይፈልግም። ማክሰኞና ረቡዕ ግን ሰው የለም። እኛ ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ ሥራ የለንም። አስታማሚ፣ አገግሞ ቀጠሮ የሚጠብቅ ታካሚ፣ ከናንተም አገር ከሩቅ ገጠር የመጣው ቤተሰብ፣ ሁላችንም በሥራ ቀን ነፃ ነን። ሐኪም ቤቶች ከበዙበት ሰፈር ጠዋት 3 ሰዓት የሚነሣ አንድ ሚኒባስ ስጡን። አንድ ቀን ዛፉ ጋ፣ አንድ ቀን ናንዲ። ፀሐይዋ ሳንደርስ ብትወጣም ግድ የለንም። ትኬቱን በጥሬ ገንዘብ ሽጡልን። እናም ድረ ገጻችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ቦታ ስም አጠገብ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ መያዣ እንዳለው፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጻፉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ሰው ልኮ ማስቆጠር ነው።

ለናንዲ የኬብል መኪና ታስቧል ሲባል ሰምቻለሁ። ይምጣ፣ ደስ ይለናል። እስከዚያው ግን ሚኒባሱ ይበቃናል።

እናቴ ለምርመራ ከስድስት ወር በኋላ ትመለሳለች። ያን ደረጃ ሳልወጣው አልቀርም እያለች ነው፤ ከወዲሁ እቤት ያለውን በቀን ሦስት ጊዜ ትወጣለች። አሥራ አራት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስታማሚ
አዲስ አበባ